የቴፒ በጋና የሩቅ ደሴቶች ባሕር

(በቴፒ ግቢ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ቴፒንና ባሕርን ምን አገናኛቸው?» ብለው መሣቃቸውን ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚህ ግቢ ተነሥቶ የጨው ውሃ ማየት የሚፈልግ ሰው በቀጥታ መስመር እንኳ ቢለካ ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ አለበት። ከመካከላችን ባሕር ያየ ቢገኝ በጣት የሚቆጠር ነው። ይሁን እንጂ ልናስረዳ የተነሣንበት ነገር ይኸው ነው፤ በጥርና በየካቲት በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ዙሪያ የሚሆነው ሁሉ በቴፒ ቡና ላይ እጁ አለበት። ይህንንም ለመረዳት በትምህርት ቤት የተማርነው የወር አማካይ አይበቃንም፤ የየቀኑን ዝናብ የሚጽፍ መዝገብ ያስፈልገናል።

በመጀመሪያ ባሕር ለዚህ አገር ጨርሶ እንግዳ እንዳልሆነ እናስታውስ። በሚዛን ተፈሪ አካባቢ ካለው ከፍተኛ ቦታ የሚነሣው የጊሎ ወንዝ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከፒቦር ጋር ይገናኛል፤ ፒቦርና ባሮ ተገናኝተው ሶባት ይባላሉ፤ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፥ መጨረሻውም የሜዲትራንያን ባሕር ነው። በዚህ የውሃ መንገድ ሰውና ዕቃ ተመላልሶበታል። ዳግማዊ ምኒልክ በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1902 ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። ይህ የጋምቤላ ጣቢያ ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚያ ዘመን ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ድረስ ይደርሱ ነበር፤ ያገራችንም የምዕራብ ቡና በእነርሱ ተጭኖ ይወጣ ነበር። ነገር ግን መርከብ በባሮ ላይ የሚሄደው ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነው። ዝናቡ አባርቶ ውሃው ሲጎድል በጊዜው ያልወጣ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ግዴታው ነበር። የመርከቡ አዛዥ የዓመቱ አማካይ ዝናብ ስንት እንደ ሆነ ቢነገረው ምን ይጠቅመዋል? እርሱ የሚፈልገው ውሃው የሚጎድልበትን ሳምንት ማወቅ ነው። የቡና ገበሬም ጥያቄ የዚህ ዓይነት መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ቃላት ጥቂት መናገር ግድ ይሆንብናል፤ ብዙ ስሕተት የሚመጣው ከቃላት ነውና። በእንግሊዝኛ «ዊንተር» የሚባለውን ወቅት መዝገበ ቃላቶቻችን «ክረምት» ብለው ይተረጕሙታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «በዊንተር በረዶ ይወርዳል» የሚለውን ሲያነብ ሐምሌና ነሐሴ ይታወሱታል። የኤውሮጳ ዊንተር ግን ታኅሣሥ፥ ጥርና የካቲት ነው፤ ይኸውም የእኛ በጋ ነው። በእነዚሁ ወራት ደግሞ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ላሉት ለማዳጋስካር፥ ለሞሪሸስና ለሬዩኒዮን ጊዜው የሙቀትና የከባድ ዝናብ ጊዜ ነው። በአንድ ጀምበር ላይ ሦስት ስም ያለው ወቅት ማለት ነው።

የእኛም የራሳችን አከፋፈል ቢሆን ለቴፒ ልኩ አይደለም። በባሕረ ሐሳብ ዓመቱ በአራት ይከፈላል፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፥ መፀው እስከ ታኅሣሥ 25፥ በጋ እስከ መጋቢት 25፥ ፀደይ እስከ ሰኔ 25 ነው። የአየር ጠባይ ሊቃውንት በበኩላቸው በሦስት ይከፍሉታል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፥ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ይሉታል። ሁለቱም አከፋፈል ለደጋውና ለመካከለኛው አገር መልካም ነው። ቴፒ ላይ ግን ዝናቡ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይጀምርና እስከ ኅዳር ይዘልቃል። በካርታ ላይ ስናየው ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ በሄድን መጠን የዝናቡ ወራት እየረዘሙ መጥተው እዚህ ዘንድ ስምንትና ዘጠኝ ወር ይደርሳሉ። እንግዲህ የቴፒ በጋ በሁለት ዝናብ መካከል የተከፈተ ጠባብ በር ነው ቢባል ይቀላል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ ወደ ኢሉባቦር፥ ወደ ከፋና ወደ ጋምቤላ እንዲሰፍሩ የተደረጉት ወገኖቻችን በደጋው የለመዱትን የወቅት ስም ይዘው መጡ። እኛም ከባሕር ዳር፥ ከደብረ ብርሃንና ከመቀሌ ተመድበን የመጣነው እንዲሁ ነን። በጥቅምት ወር ልብሱን አጥቦ ውጭ አስጥቶ ወደ ክፍል የገባ አዲስ ተማሪ ከክፍል ሲወጣ የሚገጥመውን ሁላችሁም ስለምታውቁት አንዘረዝረውም።

እስቲ አሁን በጥር ወር አንድ ቀን በቴፒ እንዴት እንደሚውል እናስተውል። ንጋት ላይ ጉም በየሸለቆው ተኝቶ ይታያል። ሌሊት ከኮረብታው ቀዝቅዞ የወረደው አየር ከደኑና ከቡናው ቅጠል የወጣውን እርጥበት ይዞ በዝቅተኛው ቦታ ይጠራቀማል፤ ሙቀቱ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ሲወርድም እርጥበቱ ጉምና ጤዛ ይሆናል። ከደጋ የመጣ ሰው ይህን አይቶ ጋቢውን ይከናነባል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ጋቢው በትከሻው ላይ ነው፤ በ5 ሰዓት የት እንዳስቀመጠው አያስታውስም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ይደርሳል፥ አንዳንድ ቀንም ያልፈዋል። ወደ 8 ሰዓት ገደማ በማሻ በኩል ባሉት ተራሮች ራስ ላይ ነጫጭ ደመና መቆለል ይጀምራል። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጠብቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ብዙውን ጊዜ ደመናው ተቆልሎ ተቆልሎ ፀሐይ ስትጠልቅ ይበተናል። አንዳንድ ቀን ግን ሆዱ ይጠቁርና ነፋስ ይነሣል፤ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዶፍ ይወርዳል፥ ከዚያ በኋላ ኮከብ ይወጣል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ምክንያት አንዱ ገበሬ ሲያዝን ሌላው እልል ሊል ይችላል። ምክንያቱን ቀጥለን እናስረዳለን።

የቴፒ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተ ምዕራብ የጋምቤላ ሜዳ 500 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ተዘርግቷል፤ በስተ ሰሜን ምሥራቅ የማሻ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ይነሣል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ እርጥብ አየር ይህን ደረጃ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፥ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ይጥላል። ማሻና ጎሬ በዓመት ከ2,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኙት፥ ቴፒም ወደ 1,600 ሚሊሜትር ገደማ የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ 1,200 ያህል ብቻ ታገኛለች። በበጋ ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ከዐረብ አገር በኩል ይመጣል። ይህ ነፋስ ያገራችንን ከፍተኛ ቦታ ተሻግሮ ወደ እኛ ሲወርድ ይሞቃል፥ የነበረውንም ጥቂት እርጥበት ያሟጥጣል። ሆኖም የሸካ ደን ራሱ ውሃ ስለሚተነፍስና የቀትር ፀሐይ አየሩን ወደ ተራራው ስለሚያወጣው፥ በአማካይ ሲታይ በቴፒ ጨርሶ ዝናብ አልባ የሆነ ወር የለም። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሰውና የሕይወት አካባቢ ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ሲገባ ብዙ የተነገረው ስለ ዛፎቹና ስለ አራዊቱ ነበር። ስለ ዝናቡም ሊነገር ይገባ ነበር እንላለን።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። በዚህ ከፍታ ቡና ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ይቀላል፤ ከፍ ባለው ቦታ ለቀማው ከዚያም በላይ ይዘልቃል። ገና የተለቀመ ቀይ እሸት ቡና ከክብደቱ ከግማሽ የበለጠው ውሃ ነው። ያ ውሃ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፥ በየጊዜው እየተገላበጠ፥ ማታ ማታ ከጤዛ እየተሸፈነ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መቆየት አለበት። ደመና ከበዛ ከዚያም ይረዝማል። አንድ ቀን ዝናብ ቢመታው ወይም ላብ በሚያወጣ ላስቲክ ሥር ሲታፈን ቢውል ሻጋታ ይይዘዋል። መሬት ላይ የተሰጣማ ከሆነ የአፈሩን ሽታ ጨምሮ ይጠጣዋል፤ ጀንፈሉ ገበያ ሲደርስ ቀማሹ አንድ ጊዜ ፉት ብሎ ያውቀዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በወሎና በሸዋ ደጋ ጥቅምት የፀሐይና የአጨዳ ወር ነው። በቴፒ ቡናው ቀልቶ ሳለ ዝናቡ ገና አልሄደም። ለዓመት የደከመበትን ፍሬ በአልጋ ላይ አስጥቶ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ገበሬ ደመናው በ8 ሰዓት ወዴት እንደሚሄድ ከማናችንም ይልቅ ያውቃል።

ይህ የዚህ ዓመት ቡና ነገር ነው። የሚመጣው ዓመት ቡና ደግሞ በበጋው ይወሰናል። የቡና እንቡጥ በቅርንጫፉ ላይ ተዘጋጅቶ ይተኛል፤ ጥቂት ሳምንት ደረቅ ጊዜ ካላገኘ፥ ከደረቁም ጊዜ በኋላ አንድ ደኅና ዝናብ ካልነካው አይነቃም። ዝናቡ በጣለ በ8ኛው ወይም በ10ኛው ቀን ገደማ ማሳው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል፤ ሽታው እስከ መንገድ ይወጣል። በሁለት በሦስት ቀን አበባው ይጠወልጋል። ዝናቡ ካፊያ ብቻ ከሆነ ከፊሉ እንቡጥ ይነቃል፥ ከፊሉ ይቀራል። በሳምንት በሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ቢጥል አበባው ሦስትና አራት ጊዜ ይከፈታል፤ በለቀማ ጊዜም በአንድ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴው፥ ቢጫውና ቀዩ ተቀላቅሎ ይገኛል። ለቃሚው ደጋግሞ መመለስ አለበት፤ ለዚያ ጉልበት ወይም ገንዘብ የሌለው ገበሬ ሁሉንም አንድ ላይ ይሸመጥጠዋል። ዝናቡ ፈጽሞ ቢዘገይ ደግሞ እንቡጡ በሙቀቱ ይጎዳል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀን ነገር ይህ ነው። የቡና ፍሬ ከአበባው ጀምሮ እስኪቀላ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጅበታል። ስለዚህ በጥር መጨረሻ በከሰዓት በኋላ የጣለችው ያቺ የግማሽ ሰዓት ዶፍ አበባውን ብቻ አይደለም የምትወስነው፤ ፍሬው የሚቀላበትንም ጊዜ አብራ ትወስናለች። ዝናቡ ሦስት ሳምንት ቢቀድም ቡናው ወደ መስከረም ዝናብ ቀርቦ ይቀላል፥ አልጋው ላይ ይርሳል። ቢዘገይ የኅዳርን ፀሐይ ያገኛል፤ ነገር ግን አበባው ራሱ እስኪመጣ በሙቀት መጎዳቱ ያሰጋል። የአንዱ ወር ዝናብ የሌላውን ወር ስጥ ይጎዳል ወይም ያድናል። በጥር የጣለውን የጻፈ ሰው ካለ በጥቅምት ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ መገመት ይችላል። በወሩ መጨረሻ «የጥር ዝናብ ይህን ያህል ሚሊሜትር ነው» ብሎ የሚደምር መዝገብ ግን በአንድ ቀን የጣለውን ዶፍና በዐሥር ቀን የተንጠባጠበውን ካፊያ አንድ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ለቡናው ሁለቱ የተለያዩ ዓመታት ናቸው።

ይህ ዝናብ ከወዴት ይመጣል? መምህሮቻችን የተማሩባቸው መጻሕፍት የኢትዮጵያ የክረምት ዝናብ በዋናው ከአትላንቲክ፥ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ በኮንጎ ደን ላይ አልፎ እንደሚመጣ ያስተምሩ ነበር። የኖርዌይ የቤርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት አየሩን ወደ ኋላ እየተከተሉ መንገዱን ሲፈትሹ፥ ወደ ሰሜኑ ደጋ በሐምሌና በነሐሴ ለሚደርሰው እርጥበት የሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር በኩል ያለው የሰሜኑ መንገድ ቀድሞ ከተገመተው የበለጠ ድርሻ እንዳላቸው አሳይተዋል። ይህ ጥናት የሰሜኑን ደጋ የሚመለከት ቢሆንም፥ የባሕሩን ነገር አንድ መልስ ብቻ ያለው አድርገን እንዳንይዝ ያስተምረናል።

የበጋውን ነገር ለመረዳት ደግሞ ፀሐይን መከተል ያስፈልጋል። በምድር ወገብ ዙሪያ ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሳት የሚገናኙበት የደመና ቀበቶ አለ። በሐምሌ ወደ እኛ ይወጣል፤ በታኅሣሥና በጥር ፀሐይን ተከትሎ ወደ ታንዛንያ፥ ወደ ማዳጋስካርና በዚያ ወዳሉት ደሴቶች ይወርዳል። የእኛን ዝናብ የወሰደው ማን ነው ለሚል እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው፤ ደሴቶቹ ዘንድ ሄዷል።

እዚያም ምን እንደሚሠራ አንድ ምሳሌ እንስጥ። በኤውሮጳ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1966፥ በእኛ ታኅሣሥ 29 ቀን 1958 ዓ.ም.፥ ማለት በገና ዕለት፥ እዚህ አገር ሰው በደረቅ ሜዳ ላይ ገና ሲጫወት፥ ዴኒዝ የተባለው ሳይክሎን በሬዩኒዮን ደሴት ላይ ይወርድ ነበር። ፎክ ፎክ በተባለው የደሴቲቱ ተራራማ ቦታ ከዚያ ዕለት እስከ ማግሥቱ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,825 ሚሊሜትር ዝናብ ተለካ። እስከ ዛሬ በዓለም ላይ በአንድ ቀንና ሌሊት የተለካ ትልቁ ዝናብ ተብሎ የተመዘገበው ይህ ነው። ቴፒ በሙሉ ዓመት ከምታገኘው ይበልጣል! ይህችው ደሴት በቀድሞ ስሟ ቡርቦን ትባል ነበር። በ1715 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዮች ከየመን ቡና ወስደው ተክለውባታል፤ በዓለም ሁሉ «ቡርቦን» የሚባለው የቡና ዓይነት ስሙን ያገኘው ከእርሷ ነው። የየመን ቡና ደግሞ መሠረቱ የእኛው የደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑን ታውቃላችሁ። ቡናችን ወደዚያ ሄዷል ማለት ነው።

በእኛና በዚያ ደሴት መካከል 3,800 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ግንኙነቱ ምንድን ነው? ኢትዮጵያዊው የአየር ጠባይ ሊቅ ዱላ ሻንቆና ፈረንሳዊው ፒየር ካምበርሊን በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህንኑ መርምረውታል። በደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎኖች ተከታትለው በበዙባቸው ዓመታት ያገራችን ዝናብ፥ በተለይም የበልጉ፥ እንደሚያንስ አስረድተዋል። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ሳይክሎን ማለት ሞቅ ባለ ባሕር ላይ የሚሽከረከር፥ ዙሪያውን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን እርጥብ አየር ወደ ራሱ የሚስብ ኃይል ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካና ወደ እኛ ሊነፍስ የሚችለውን እርጥበት ወደዚያ ያዞረዋል። ይህ የሚሆነው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው፤ የሚበረታው በጥርና በየካቲት፥ የእኛ የቡና እንቡጥ ዝናብ በሚጠብቅበት ጊዜ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ትንቢቱ ቀላል ነበር። አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. በመጋቢት ዱማዚሌና ኤሊያኪም የተባሉ ሁለት ሳይክሎኖች ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ ተነሥተው ሳለ፥ በኬንያ ዝናቡ በረታ። በ2020 የወጣ ጥናት እንዳስረዳው፥ ሳይክሎኑ በዚያ ቦታ ሲቆም ከኮንጎ በኩል እርጥብ የምዕራብ ነፋስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ስቦ ያመጣል፤ በተለይ በምድር ወገብ ዙሪያ ከ30 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ የሚዞረው የደመና ማዕበል ከእርሱ ጋር ሲገጥም። እንግዲህ «ሳይክሎን ተነሣ» የሚለው ወሬ ብቻውን አይበቃም፤ የት ቆመ? መቼ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የተነሣው ፍሬዲ ከአውስትራልያ አጠገብ ጀምሮ የሕንድ ውቅያኖስን በሙሉ ተሻግሮ ማዳጋስካርን፥ ሞዛምቢክንና ማላዊን መታ፤ ከአንድ ወር በላይ በመቆየቱም በዓለም ላይ ረጅሙን ዕድሜ የያዘ ሳይክሎን ሆኖ ተመዝግቧል። ከአንድ ወር በላይ! በዚያ ጊዜ ውስጥ በቴፒ አንድ የቡና እንቡጥ ዝናብ ነክቶት ያብባል፥ ይጠወልጋል፥ ፍሬም ይይዛል።

በመኸሩም በኩል ባሕሩ ዝም አይልም። በአንዳንድ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል፥ በአፍሪካ ጠረፍ በኩል ያለው፥ ከወትሮው ይሞቃል፤ በሱማትራ በኩል ያለው ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ በምሥራቅ አፍሪካ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ዝናብ ይበረታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ይህ ልዩነት እስካሁን ከታዩት እጅግ ከበረቱት አንዱ ሆኖ ሶማሊያን፥ ኬንያንና ደቡብ ሱዳንን ጎርፍ መታ፤ ደቡባዊው ያገራችንም ክፍል አልቀረለትም። ጥቅምትና ኅዳር ግን የቴፒ ቡና በአልጋ ላይ ያለበት ጊዜ ነው። ለሌላው ቆላ በረከት የሆነ ዝናብ ለእኛ ሻጋታ ነው። በ2015 የሆነው ደግሞ ሌላ ነው፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ የተነሣው ኤልኒኞ የክረምቱን ዝናብ አሳንሶ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከባድ ድርቅ አመጣ። በአንድ አገር ውስጥ አንዱ ሰማይ ዘነበ ብሎ፥ ሌላው አልዘነበም ብሎ ያለቅሳል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ይህን ሁሉ የሚከታተል መሥሪያ ቤት የለም ወይ?» ይሉ ይሆናል። አለ። ያገራችን የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የየዐሥር ቀኑንና የየወቅቱን ትንበያ ያወጣል። የደቡብ ምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ሳይክሎኖች ማዕከል ደግሞ በዚያችው በሬዩኒዮን ደሴት ላይ ነው፤ በየጊዜው የሚያወጣው መግለጫ ለማንም ክፍት ነው። ችግሩ ትንበያ ለሰፊ አገር የሚናገር መሆኑ ነው። «በአብዛኛው ደረቅ፥ ፀሐያማና ነፋሻ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለብዙው ኢትዮጵያ እውነት ሆኖ ለዚህ ሸለቆ ሳይሆን ሊቀር ይችላል። በማሻ፥ በቴፒና በሚዛን መካከል እንኳ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጥለው ዝናብ ይለያያል። ይህን ሊጽፍ የሚችል እዚህ የሚኖር ሰው ብቻ ነው። የሳይክሎኑን መግለጫ በአንድ እጅ፥ የቴፒን የየቀኑን መዝገብ በሌላው ይዞ ለጥቂት ዓመታት ያስተያየ ሰው ቢኖር፥ ዛሬ ከላይ «ሊሆን ይችላል» እያልን ያለፍናቸውን ነገሮች «ሆኗል» ወይም «አልሆነም» ብሎ በነገረን ነበር።

ስለዚህ ለኅብረታችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ቀጥ ያለ ጎን ያለው አንድ ጣሳ ይበቃል፤ አፉ ቢሰፋም ቢጠብም የውሃው ጥልቀት አይለወጥምና። ከዛፍና ከጣራ በቂ ርቀት ባለው ክፍት ቦታ ላይ ይተከላል። በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፥ የአገሪቱ ጣቢያዎች በሚያነቡበት ሰዓት፥ በማስመሪያ ይለካል፥ ይጻፋል፥ ይደፋል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ዝናብ ባልጣለበትም ቀን «ባዶ» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ያልተጻፈ ቀንና ያልዘነበ ቀን ወደ ፊት ለሚያነበው ሰው አንድ ሆነው እንዳይታዩት። ከዚህ ጎን ጉሙ የተገፈፈበት ሰዓት፥ ዝናቡ የጀመረበት ሰዓት፥ ነፋሱ የመጣበት ወገን ይጻፍ። በግቢው አጠገብ ባለ ቡና ላይ አንድ ቅርንጫፍ ይመረጥና አበባው የተከፈተበት ቀን ይመዝገብ፤ በመስከረም ያው ቅርንጫፍ የቀላበት ቀን ይጨመርበት። የግብርና ተማሪዎች ቅርንጫፉን፥ የፊዚክስ ተማሪዎች ጣሳውን ቢይዙ መልካም ነው፤ የሒሳብ ተማሪዎች መጥተው አማካይ እንዲያወጡልን ግን ገና ጊዜው አይደለም። ወሩ ሲያልቅ የየቀኑ ቁጥር ሳይደመር እንዳለ በዚህ ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ላይ ይታተም።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት የሚሆነው በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ ነው፤ የመጀመሪያው የአበባ ዝናብ የሚጠበቀው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። አብዛኞቻችን በአውቶቡስ ወደ ቤታችን ስንሄድ ጣሳው ብቻውን ይቀራል። ቤተ ሰባቸው በቴፒ፥ በሸኮ ወይም በሚዛን የሚኖሩ ጓደኞቻችን፥ እንዲሁም በግቢው ውስጥ የሚኖሩ መምህራን፥ ለእነዚያ ሦስት ሳምንታት በተራ ለማንበብ ፈቃደኛ የሆኑ ስማቸውን ከዚህ ስብሰባ በኋላ በበሩ አጠገብ በተቀመጠው ወረቀት ላይ እንዲጽፉልን እንለምናለን። በወረቀቱ ላይ እስካሁን አራት ስም አለ፤ ለሃያ አንድ ጠዋት አራት ሰው ያንሳል።